ስለ ሕፃን የመጀመሪያ ምግብ፤ የሉማሜ አገር ጎተራና የሕፃኑ ሳሕን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ ደጀን ላይ ከወጣ በኋላ የሚቀበለው ሜዳ የጎጃም ጎተራ ቢባል የሚገባው አገር ነው። የአዋበል ወረዳ ከተማ ሉማሜም በዚሁ ሜዳ ላይ በአውራ ጎዳናው ዳር ትገኛለች። በዙሪያዋ ጤፍና ስንዴ፥ ባቄላና አተር፥ ሽምብራና ምስር ይዘራል፤ ላሙም፥ ዶሮውም፥ የንቡም ቀፎ አይታጣም። በገበያ ቀን እህሉ በስልቻና በጆንያ ተጭኖ፥ ቅቤው በቅል ሆኖ፥ ዕንቍላሉ በጭድ መካከል ተደርድሮ ሲወጣ ያየ ሰው፤ «በዚህ አገር የሚያድግ ሕፃን ምን ይጎድለዋል?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ቍጥሩ የሚናገረው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ውስጥ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የማይበቃ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በዚያ ጊዜ ከክልሎች ሁሉ የበለጠ ነበር። የመላው አገር ቍጥር ከመቶው 38 ነበር። በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ሲመረመር በአማራ ክልል 41፥ በመላው አገር 37 ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ግን የአገሩ ቍጥር ከመቶው 58 ደርሶ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፥ ነገሩ መሻሻሉን አይክድም። ሆኖም እህል ለሌላው አገር የሚሸጥ ክልል ከልጆቹ እኩሌታ የሚያህሉትን በቁመት አሳጥሮ ማሳደጉ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ችግሩ ከመሬቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ጽሑፋችን ለእርሻ ገጽ ይላክ ነበር። እኛ የምንለው ግን ከችግሩ ብዙው የሚገኘው በምድጃው ላይ፥ በሕፃኑ ትንሽ ድስት ውስጥ ነው፤ ስለዚህም የቤተ ሰብ ገጽ ጉዳይ ነው።

የልጅ ቁመት ማጠር፥ ባለሙያዎቹ «መቀንጨር» የሚሉት፥ በዓይን የሚታይ በሽታ አይደለም። ሕፃኑ ይስቃል፥ ይጫወታል፥ ጕንጩም ሞልቶ ሊታይ ይችላል፤ የጎረቤቱም ልጅ እንደ እርሱ አጭር ስለ ሆነ እናቱ ልጇ መቅረቱን የምታውቅበት ነገር የላትም። «አባቱም አጭር ነው» ተብሎ ይታለፋል። በመለኪያ ሲለካ ብቻ ይታወቃል። ከቁመቱም ጋራ የሚቀር ሌላ ነገር አለ፤ አእምሮ በብዛት የሚገነባው በዚያው በሁለት ዓመት ውስጥ ነውና፥ በዚያ ጊዜ የሚገባውን ምግብ ያጣ ልጅ ኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ ቀለም ይከብደዋል። ከፅንሱ ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያለው ጊዜ አንድ ሺህ ቀን ያህል ነው። ይህን በመረዳት መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን አወጀ፤ ቃል ኪዳኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ፈጽሞ ለማጥፋት ነው። ስሙን የወሰደው በዋግ ኽምራ ካለችው ከሰቆጣ ከተማ ነው።

ከሺሁ ቀን ውስጥ ይልቁንም የሚያሠጋው፥ ልጁ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ምግብ ከሚጀምርበት ከ6ኛው ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት እናቱ ጤነኛ ከሆነች የእግዚአብሔር ስጦታ የሆነው ወተት ሁሉን ይሸፍንለታል። በጄኔቭ የሚሰበሰበው የዓለም የጤና ጉባኤ በግንቦት ወር 1993 ዓ.ም. ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ መክሯል፤ ውሃም ቢሆን። በእኛ አገር ግን ገና በተወለደበት ቀን ለጋ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነው፤ አንጀቱን ያለሰልሰዋል ይባላል። አንዳንዱም ቤት እንገሩን፥ የመጀመሪያውን ወፍራም ቢጫ ወተት፥ ቆሽሿል ብሎ አልቦ ይደፋል። እንገር ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያው መድኃኒቱ ነው፤ የጥጃን እንገር ማንም ብልህ ገበሬ እንደማይነሣ፥ የልጅንም እንገር መንሣት አይገባም። ቅቤው የሚጠላ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ጊዜው ገና ስለ ሆነ ነው፤ ተራው ሲደርስ እንጠራዋለን።

ስድስት ወር ሲሞላው ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ሲወለድ ከእናቱ ይዞት የመጣው የብረት ማዕድን፥ ደምን የሚያበረታው ማለት ነው፥ በዚያ ጊዜ ገደማ ያልቃል፤ ወተቱም ብቻውን አይበቃውም። ያን ጊዜ ልጁ ራሱ ምልክት ይሰጣል፤ ራሱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፥ ተደግፎ ይቀመጣል፥ የሌላውን ሰው ጉርሻ በዓይኑ ይከተላል፥ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያደርሳል። በከተማ ያለው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቀድሞ በሦስትና በአራት ወር መጀመር ነው። በገጠር ያለው ስሕተት ደግሞ «ጡት ይበቃዋል» እያሉ እስከ ስምንትና እስከ ዘጠኝ ወር፥ አንዳንዴም ጥርስ እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ሁለቱም ይጎዳል፤ ሁለተኛው ግን ድምፅ የሌለው ስለ ሆነ የባሰ ይመስለናል። ምግብ ተጀመረ ተብሎም ጡት አይቋረጥ፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የአገራችን ሕፃን የመጀመሪያ ምግቡ አጥሚት ነው። እናቲቱ የጤፍ ወይም የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት በብዙ ውሃ ታማስላለች፤ አጥሚቱም እንደ ወተት እየፈሰሰ ለሕፃኑ ይጠጣል። እንዲህ የምታደርገው ወፍራም የሆነው ያንቀዋል፥ ሆዱንም ይከብደዋል ብላ በመፍራት ነው፤ ፍርሃቷም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን የሕፃን ሆድ ምን ያህል እንደሚይዝ እናስላ። ሐኪሞች እንደሚሉት የሕፃን ጨጓራ ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንግዲህ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር፥ አንድ ትልቅ ኩባያ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢያፈስሱበት ይተፋል። ያችን ኩባያ በቀጭን አጥሚት ብንሞላት፥ የሞላናት በአብዛኛው በውሃ ነው። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ አካሉ ግን ተርቦ ያድራል። እናቲቱ «ልጄ ይጠግባል፥ ግን አይፋፋም» ስትል የምትናገረው እውነት ነው፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአጥሚት ወደ ገንፎ መቅረብ ያስፈልጋል። የጎልማሳ ገንፎ ግን አይደለም፤ ለስልሶ የበሰለ፥ በማንኪያ ሲዘቅቱት ማንኪያው ላይ የሚቀመጥና ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት። የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ልጁ ገና ሲጀምር በመጠኑ ለስለስ ይደረግለታል፥ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየወፈረ ይሄዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ቢጨመርበት ይለሰልሳል፥ ኃይሉም በብዙ ይጨምራል። በተወለደ ቀን ያስቀረነው ቅቤ ተራው የሚደርሰው እንግዲህ አሁን ነው።

ስለ ውፍረቱ የሚጨነቁ እናቶች ደግሞ ጠላ የሚጠምቅ ቤት ሁሉ የሚያውቀውን ብቅል ያስታውሱ። ንጹሕ ገብስ ወይም ስንዴ ተዘፍዝፎ ከበቀለ በኋላ ደርቆ ሲፈጭ፥ ዱቄቱ የእህሉን ስታርች የሚሰብር ኃይል አለው። ወፍራም ሆኖ በበሰለው ገንፎ ላይ ጥቂት በረድ ሲል ከዚህ ዱቄት አንድ ቍንጥር ቢነሰነስና ቢማሰል፥ ገንፎው ውሃ ሳይጨመርበት ወዲያው ይለሰልሳል፤ ከዚያም እንደ ገና ለጥቂት ጊዜ ይፈላል። ይህን ጊዜ ልጁ በቀላሉ ይውጠዋል፥ የእህሉም ብዛት አልቀነሰም። ዕውቀቱ በውጭ አገርም አዲስ አይደለም፤ ሊቢግ የተባለው የጀርመን የኬሚስትሪ ሊቅ ከዛሬ 160 ዓመት ገደማ በፊት ለልጅ ልጆቹ ብሎ ያዘጋጀው የታወቀው የሕፃናት ሾርባ፥ የስንዴ ዱቄትና የላም ወተት ከብቅል ዱቄት ጋራ የተቀላቀለበት ነበር። የአውሮፓ ሊቅ የደከመበት ነገር በጎጃም ጓዳ በቅል ውስጥ ተቀምጦ ለጠላ ብቻ መዋሉ ያስገርማል። ነገር ግን ሻጋታ የያዘው ወይም ከጌሾ ጋራ የተነካካው ብቅል ለሕፃን አይሆንም፤ ለብቻው ተለይቶ ይዘጋጅ።

ሁለተኛው ነገር፥ የእህል ዘር ብቻውን አይበቃም። ጤፍ ብረት እንዳለው ሁሉ ሰው ያውቃል፤ እውነት ነው። ሆኖም በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከአፈር ጋራ ስለሚነካካ ከሚለካው ብረት ከፊሉ የአፈሩ ነው፤ ከራሱም ያለውን ቢሆን አካል በሙሉ አይወስደውም። ስለዚህ «ጤፍ አበላዋለሁ» ማለት የብረቱን ነገር አይዘጋውም። ጥራጥሬ መጨመር ያስፈልጋል። ልማዱም አለን፤ ብልህ እናት ለልጇ የምታስፈጨው ምጥን ዱቄት ማለት ይኸው ነው። ሦስት እጅ እህል፥ ጤፍ ወይም ስንዴ ወይም ገብስ ወይም ሁሉም በአንድነት፥ ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋራ ይመጠናል፤ ጥራጥሬው ሽምብራ ወይም ምስር ወይም አተር ወይም ባቄላ ሊሆን ይችላል። ጥራጥሬው ይለቀማል፥ ይዘፈዘፋል፥ ተከክቶ ገለባው ይወጣለታል፥ በደንብም ይቈላል፤ ያልተቈላ ጥራጥሬ የሕፃንን ሆድ ይነፋል። ከዚያ ሁሉም አብሮ ይፈጫል። ብዙ ቀን እንዳያድር ጥቂት በጥቂቱ ማስፈጨት ይሻላል፤ እርጥበት ያገኘው ዱቄት ይሻግታልና።

ፋፋ የሚባለውን ዱቄት የማያውቅ የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው፤ መሠረቱ ግን ይኸው የምጥን ዘዴ እንደ ሆነ የሚያስተውለው ብዙ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያና ስዊድን ተባብረው በአዲስ አበባ የሕፃናትን ምግብ የሚመረምር ክፍል ባቋቋሙ ጊዜ፥ ባለሙያዎቹ ከአገሩ እህልና ጥራጥሬ፥ ከሽምብራም ጭምር፥ ከደረቀ ወተት ጋራ ቀላቅለው ርካሽ የሆነ የሕፃን ዱቄት ሠሩ፤ ስሙንም «ፋፋ» አሉት፤ ልጅ ፋፋ ሲባል እንደሚሰማው ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ቪታሚንና ማዕድን ስለሚጨመርበት ጥቅም አለው፤ መግዛት ለሚችልም መልካም ነው። የሉማሜ ገበሬ ሚስት ግን መግዛት ባትችል ከቤቷ ያለውን እህል በልኩ መጥና ማስፈጨት ትችላለች።

ስለ ጥራጥሬ ከተነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንጽፍ አናልፍም። ጓያ ለሕፃን አይሰጥ። ጓያ ድርቅን የሚችል፥ በርካሽም የሚገኝ ስለ ሆነ በጎጃም፥ በፎገራና በደምቢያ በብዙ ይዘራል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የበላውን ሰው እግር ያሽመደምዳል፥ ያ ሽምድመዳም አይድንም። በሽሮ ውስጥ ከሌላው ጥራጥሬ ጋራ ተቀላቅሎ የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ፥ የሕፃኑን ምጥን ከገበያ በተገዛ ሽሮ ከማድረግ ይልቅ ጥራጥሬውን በዓይን እያዩ ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የሚከብደውም ዋጋው አይደለም፥ ልማዱ ነው። ሕፃን ከ6 ወር ጀምሮ ዕንቍላል፥ ወተት፥ በደንብ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ ይገባዋል። በምግብ ውስጥ ካለው ብረት ሁሉ አካል በቀላሉ የሚወስደው የሥጋውን ነው። ግን በ2008 ዓ.ም. በዚያው በጠቀስነው ጥናት፥ ከ6 ወር እስከ 23 ወር ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነቱም በጊዜውም የሚገባቸውን ምግብ ያገኙት ከመቶው 7ቱ ብቻ ነበሩ። ዕንቍላሉ ለጨው፥ ለበርበሬ፥ ለጋዝ መግዣ ወደ ገበያ ይወጣል። ከየአምስቱ ዕንቍላል አንዱን ለሕፃኑ ብሎ ማስቀረት ቤቱን አያደኸይም።

ከዋጋው ይልቅ የሚከለክለው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፥ ከዚያም ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ጾመ ነቢያት፥ ጾመ ሐዋርያት፥ ፍልሰታ ሲደመሩ ከዓመቱ እኩሌታ የሚያህለው ለምእመኑ የጾም ወቅት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትልም፤ ይህን የማያውቅ ካህን የለም። ታዲያ ሕፃኑ ሳይጾም የሚጾመው ለምንድር ነው? ድስቱ ስለሚነካካ ነው። እናቲቱ በጾም ቀን ዕንቍላል ብትቀቅል ወይም ወተት ብታፈላ፥ ድስቱና ማንኪያው ለጾሙ ወጥ እንዳይረክስባት ትሠጋለች፤ ጎረቤትም እንዳያማት ትፈራለች። እንዲህ እየሆነ፥ በስድስተኛ ወሩ ዋዜማ ዐቢይ ጾም የገባበት ሕፃን፥ ትንሣኤ እስኪደርስ ሁለት ወር ያህል ውሃና ዱቄት ብቻ ይበላል። ያ ሁለት ወር ግን በሕፃን ዕድሜ ትንሽ ጊዜ አይደለም።

እኛ የሚመስለን መፍትሔ በጣም ርካሽ ነው፤ ለሕፃኑ አንድ ትንሽ ድስት፥ አንድ ሳሕንና አንድ ማንኪያ ለብቻው ይገዛለት። ያ ድስት የልጁ ብቻ ሆኖ ተለይቶ ይሰቀል፤ በጾምም በፍስክም ለእርሱ ብቻ ይውል፤ ያን ጊዜ የቤቱ ጾም አይነካም፥ የልጁም ምግብ አይጎድልም። በአማራ ክልል ካህናት ራሳቸው ሕፃናት እንዲመገቡ በስብከታቸው እንዲያስተምሩ የተደረገበት ጊዜ አለ። በእውነቱ አንዲት ወጣት እናት ከጤና ሠራተኛ ዐሥር ጊዜ ከምትሰማው ይልቅ ከነፍስ አባቷ አንድ ጊዜ የምትሰማው ይበልጥባታል። የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም የወረዳው ሹም ይህን ጽሑፍ ቢያነብ፥ በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንዲነገር ማድረግ ይችላል።

የሳሕኑን ነገር አንሥተን የአባትን ነገር መተው አይገባም። በብዙ ቤት ከሁሉ በፊት የሚበላው አባወራ ነው፤ ሥጋው፥ ዕንቍላሉ፥ የወጡ ዋና ነገር ለእርሱ ይቀርባል፤ ሕፃኑ ከእናቱ ጋራ በመጨረሻ የተረፈውን ያገኛል። ክብሩ የቀድሞ ነው፥ ማንም አይነቅፈውም። ሆኖም አባወራው ራሱ «የልጁ ድርሻ ወጥቷል ወይ?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ፥ የቤቱ ሥርዓት በዚያው ቀን ይለወጣል፤ እናቲቱ ብቻዋን ልትለውጠው የማትችለውን እርሱ በአንድ ጥያቄ ይለውጠዋል። በታላላቅ ቤት ደግሞ የሕፃን ምግብ የሞግዚት ሥራ ነው ተብሎ ይተዋል፤ ወይዛዝርቱ ገንፎው እንዴት እንደሚሠራ ሳያዩ ዓመቱ ያልፋል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ጊዜ በሎንዶን ከተማ በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የሕፃናት አስታማሚነት ሥራ ተምረው በ1931 ዓ.ም. የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የታመሙ ሕፃናትን በገዛ እጃቸው ሲያስታምሙ ሥራው አላሳነሳቸውም። ልዕልት ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በ22 ዓመታቸው አረፉ፤ በዚያ ሥራ ከዚህ የረዘመ ዕድሜ ቢያገኙ ኖሮ ለአገራችን ሕፃናት ስንት ነገር በተደረገ ነበር።

አሁን የሚከለከሉትን በአጭሩ እንጥቀስ። ማር በጎጃም የሚከበር ነገር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ከቶ አይቅመስ፤ ለጎልማሳ የማይጎዳ፥ ለሕፃን አንጀት ግን ገዳይ መርዝ የሚያበቅል የማይታይ ዘር በማር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በርበሬና ብዙ ጨው አያስፈልገውም፤ የቤቱ አልጫ ሲሠራ ጨውና ቅመም ሳይገባበት የልጁ ድርሻ ቀድሞ ይወጣ። ቆሎ፥ ለውዝ፥ ጥሬ ካሮት የመሰለ ጠንካራ ነገር ያንቀዋል። የላም ወተት ሳይፈላ አይሰጥ። ሻይና ቡና ብረትን ከአካሉ ይከለክላሉ፥ ሆድም ይሞላሉ፤ በብዙ ቤት ግን «ይለምድ» ተብሎ በስኳር ይሰጠዋል፤ ይህ ልማድ በፍጹም ቢቀር መልካም ነው። ጎመን፥ ዱባ፥ ካሮት ተቀቅሎና ደቆ በገንፎው ውስጥ ቢገባ ግን የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው፤ ዱባ በሚደርስበት ወራት ለከብት ከሚጣለው ጥቂቱ ለልጅ ይቅር።

በከተማ የሚኖሩት ወላጆች ጡጦን እንደ ሥልጣኔ ምልክት ሲይዙት እናያለን። የጡጦ ጫፍ ለማጠብ አስቸጋሪ ነው፥ ተቅማጥም ያመጣል። የቆርቆሮ ወተት ነጋዴዎች በድኻ አገሮች ሁሉ እናቶችን ከጡት እያስወጡ ብዙ ሕፃናት ስላለቁ፥ የዓለም የጤና ጉባኤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ለእነዚህ ነገሮች ሽያጭና ማስታወቂያ ደንብ አውጥቶባቸዋል። ስድስት ወር የሞላው ልጅ በኩባያ መጠጣት ይችላል፤ ማንኪያና ኩባያ በፈላ ውሃ ይጠራሉ፥ ዋጋቸውም ጥቂት ነው። ከሁሉ በፊት ግን የእናቲቱ ወይም የሞግዚቲቱ እጅ በሳሙና ይታጠብ፥ የልጁም እጅ እንዲሁ።

የምግቡ መጠን እንደ ዕድሜው ነው። ሲጀምር በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ በያንዳንዱም ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃዋል፤ ስምንት ወር እስኪሆነው ቀስ በቀስ ሩብ ሊትር ከሚይዝ ኩባያ እኩሌታ ይደርሳል። ከዘጠኝ ወር በኋላ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፥ በመካከሉም እንደ ሙዝ፥ እንደ ለስላሳ ዳቦ ያለ አንድ ሁለት ጊዜ መቍረሻ ይጨመርለታል። ዓመት ሲሞላው ከቤተ ሰቡ ምግብ ሦስት አራተኛ ኩባያ፥ ቀጥሎም ሙሉ ኩባያ ይበላል። አዲስ ነገር ሲቀምስ ፊቱን ቢያጨማድድና ቢተፋ ጠላው ማለት አይደለም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ገና ይሞከራል፤ ስምንትና ዐሥር ጊዜ ቀምሶ የሚወድደው ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ሕፃኑን በጭኑ አጋድሞ፥ አፍንጫውን ይዞ፥ አጥሚቱን በመዳፉ እየቀዳ ያንቆረቍርበታል። ይህ ልጁን ምግብን ማስጠላት ብቻ ሳይሆን ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ሕፃን ቀና ብሎ ተቀምጦ፥ ፊት ለፊት እየታየ፥ እየተነጋገሩት፥ አፉን ሲከፍት ነው የሚጎርሰው፤ ራሱን ሲያዞር ጠግቧል።

የወረዳው የጤና ጣቢያ ለሕፃናት መመዘኛና የቁመት መለኪያ አለው፤ በየቀበሌውም ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገንፎውን በድስት ሠርተው እያሳዩ ያስተምራሉ። ልጅ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ቁመቱ የሚለካው ተኝቶ ነው፤ በየወሩም በካርዱ ላይ ይጻፍ። የሁለት ወር መሥመር ሳይወጣ ቢቀር፥ ወይም ተቅማጥና ትኩሳት ያገኘው እንደ ሆነ፥ ምግብ አይከልከል። በሕመሙ ጊዜ ጥቂት በጥቂቱ፥ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፤ ጡቱም ይደጋገምለት። ከሕመሙ ከተነሣ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል፥ ከወትሮው በተጨማሪ በቀን አንድ ገበታ ይሠራለት።